ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ የመርጡለ ማርያሙ መነኩሴና የኅሊና ነጻነት

ከምዕራብ ወሎ ደጋ፣ ከከላላ ወይም ከመካነ ሰላም በኩል፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ የደረሰ መንገደኛ ፊቱን ወደ ምዕራብ ቢያቀና ከማዶ የጎጃምን አገር ያያል። እዚያ ማዶ፣ በእነብሴ ምድር፣ ንግሥት እሌኒ ያማረ ሕንፃ ያሠሩላት ጥንታዊቷ መርጡለ ማርያም አለች። ወዲህ ማዶ ደግሞ በሳይንት ተድባበ ማርያም ትገኛለች። ወንዙ አገር ከአገር ቢለይም ሊቃውንቱን ለይቶ አያውቅም፤ የቆሎ ተማሪው ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ለመድረስ ቆላውን ሲወርድና ሲወጣ የኖረበት ምድር ነው። ይህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን የሚተርክላቸው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የዚያ የማዶው አገር ልጅ ናቸው። ዕረፍታቸውም የሆነው፣ የንጉሥ ሠራዊት ፊቱን ወደ ወሎ ባዞረበት ወራት፣ በሰንሰለት ታስረው በጉዞ ላይ ሳሉ ነበር።

በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። ለሞፈርና ለጦር የማይመረጥ ልጅ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት መላኩ በአገራችን የተለመደ ነበርና እርሳቸውም ፊደል ቈጠሩ፤ ዳዊት ደገሙ፤ በቀረችው አንድ ዓይናቸውም ሌሎች በሁለት ዓይን ያላዩትን ያህል መጻሕፍት ለማየት በቁ። በወጣትነታቸው ወደ መርጡለ ማርያም ገብተው መነኰሱ።

በዚያ ዘመን መነኩሴ መሆን ማለት ከዓለም ክርክር ማረፍ ማለት አልነበረም። የኢትዮጵያ ሊቃውንት በክርስቶስ ምሥጢረ ተዋሕዶና በልደቱ ቍጥር ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ተከፋፍለው ይኖሩ ነበር። የጎጃም ገዳማት አብዛኞቹ ቅባት ይባሉ ነበር፤ ሦስት ልደት ወይም ጸጋ የሚባለው ትምህርት በጎንደርና በሸዋ ብዙ ተከታይ ነበረው፤ በትግራይ የበረታው ደግሞ ሁለት ልደት ወይም ካራ የተባለው ነው። ጉዳዩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ገዳሙ ርስትና ጉልት ነበረው፤ መስፍኑም የሚደግፈው ወገን ነበረው፤ ስለዚህ አንዱ ወገን ሲያሸንፍ የሌላው ሊቅ ከመንበሩ ይወርዳል፣ ይሰደዳል ወይም ይታሰራል። ዘመኑ የዘመነ መሳፍንት ዘመን ስለ ነበር በጎንደር የተቀመጠው ንጉሥ ስም ብቻ ነበረው፤ ኃይሉ በየጁ ራሶች፣ በሰሜንና በትግራይ ደጃዝማች፣ በጎጃም መኳንንት እጅ ነበር።

ወጣቱ መነኩሴ ግን ሌላ ጥያቄ ያዛቸው። የገዳም ሥርዓት ለምን ላላ? የጥንቶቹ አባቶች የጻፉት ሕግና አሁን የሚታየው ኑሮ ለምን አልተገናኘም? ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የሚያስተረጕም ገዳም ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳያነሣ አይቀርም፤ ጥያቄውን ተሸክሞ ከአገር ወደ አገር የሚጓዝ ግን ጥቂት ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ከአለቆቻቸው ፈቃድ ተቀብለው የመጻሕፍት ሀብት ወዳላቸው ገዳማት መዞር ጀመሩ። ብራና እያገላበጡ፣ ከመምህራን ጋር እየተከራከሩ ጎንደር ደረሱ፤ እዚያም እየተማሩና እያስተማሩ ቈዩ። በዚህ ጉዞ ያተረፉት ነገር ቢኖር ጥያቄው መብዛቱ ነው። የሥርዓቱ መላላት ከሃይማኖቱ መከፋፈል ጋር የተያያዘ መስሎ ታያቸው፤ መልሱንም በአገር ውስጥ ስላላገኙት ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ወሰኑ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነበር።

የመንገዱ ምክንያት የተገኘው ካልታሰበ ስፍራ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ይመጣላት የነበረው ከእስክንድርያ መሆኑ ይታወቃል። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ ዓመታት አልፈው ነበርና ክህነት የሚሰጥ አልነበረም፤ የየአብያተ ክርስቲያናቱ ካህናት እያረጁና እየሞቱ ይሄዱ ነበር። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ በ1841 ወደ ካይሮ ልዑካን ሲልኩ በአድዋ ይኖር የነበረ አንድ ኢጣልያዊ ቄስ አብሯቸው እንዲሄድ ለመኑ። ይህ ሰው የላዛሪስት ማኅበር ካህን የሆኑት ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በአገራችን ስም አቡነ ያዕቆብ ናቸው። በ1800 በደቡብ ኢጣልያ በሳን ፌሌ ተወልደው በ1839 ወደ ኢትዮጵያ መጥተዋል። እርሳቸውም ልዑካኑ ወደ ሮምና ወደ ኢየሩሳሌም አብረው እንዲሄዱ ጠይቀው ጥያቄውን ተቀበሉ። አባ ገብረ ሚካኤል ከልዑካኑ አንዱ ነበሩ።

ይህን ጉዞ የሚያጠኑ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያተኵሩት በሮም ላይ ነው፤ እኛ ግን ካይሮ ላይ ጥቂት ማዘግየት እንወዳለን፤ የኋላው መከራ ዘር የተዘራው እዚያ ነውና። ፓትርያርኩ አቡነ ጴጥሮስ ለኢትዮጵያ የመረጡላት እንድርያስ የሚባል ገና ሃያ ዓመት ግድም የሆነው ወጣት ነበር። ይህም ወጣት በእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት የተማረ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በምርጫው አልተስማሙም። ወጣቱ አቡነ ሰላማ ተብሎ ተሾመ፤ ቋንቋውን ወደማያውቀው፣ እንደ ልማዱም ተመልሶ ወደማይወጣበት አገር ተላከ። የኋላ ታሪካቸውን በምንናገርበት ጊዜ ይህን እንዳንረሳ፦ አቡነ ሰላማም ስደተኛ ነበሩ። በባዕድ አገር፣ በሁለት ወገን በተከፈሉ ሊቃውንት መካከል፣ በ1846 እርሳቸው ራሳቸው ከጎንደር እስከ መባረር ደርሰዋል።

ከካይሮ ልዑካኑ ወደ ሮም ሄደው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛን አዩ፤ ከዚያም የኢየሩሳሌምን ቅዱሳት መካናት ተሳለሙ። አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ ሁሉ ጊዜ አቡነ ያዕቆብን ሲመረምሯቸው ነበር። እንግዳው ሰው አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሶ፣ ያገሩን ጾም እየጾመ በትሕትና ሲኖር አዩ። ነገር ግን ሰውን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ሃይማኖትን መቀበል ሌላ ነገር ነው። ወደ አገር ከተመለሱ በኋላም ሳይቸኵሉ መጠየቃቸውን፣ መጻሕፍትን ማነጻጸራቸውን ቀጠሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን አንድነት የተቀበሉት በ1844 ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 53 ነበር። ስለ ሹመት ወይም ስለ ጥቅም አደረገው ለማለት የሚያስችል ነገር አልነበረም፤ በጎንደርና በጎጃም የነበራቸውን የመምህርነት ክብር የሚያሳጣ ውሳኔ ነበርና።

ሌላም ልንል የሚገባን አለ። አባ ገብረ ሚካኤል ግዕዙን፣ ቅዳሴውን፣ ጾሙንና የአባቶቻቸውን መጻሕፍት አልጣሉም። አቡነ ያዕቆብም ይህን አልጠየቋቸውም፤ የአገሩ ሥርዓተ አምልኮ እንዲጠበቅ ከማንም በላይ የደከሙ እርሳቸው ናቸውና። በአጋሜ፣ በአዲግራት አጠገብ በምትገኘው ጓላ፣ የካህናት ማሠልጠኛ ሲቋቋም ዋነኛው መምህር ይህ አንድ ዓይና መነኩሴ ሆኑ። ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁ፤ የሥነ ምግባር ትምህርት መጽሐፍም ተረጐሙ። ተማሪው ዳዊትና ቅኔ የጠገበ የአገር ልጅ ነበር፤ መምህሩም ከዚያው ጉባኤ የወጡ። ጓላ ከሩቅ መጥቶ የተተከለ ባዕድ ዛፍ ያልሆነችው ስለዚህ ይመስለናል።

በ1846 አባ ማስያስ በመባል የሚታወቁት ኢጣልያዊው ጳጳስ ጉልዬልሞ ማሳያ ወደ ጋላ አገር ይባል ወደ ነበረው የኦሮሞ ምድር ሲያልፉ ጓላ ደርሰው ለአቡነ ያዕቆብ ደቀ መዛሙርት ክህነት ሰጡ። በዚህ አቡነ ሰላማ ተቈጡ። በአገሪቱ ውስጥ ክህነት የመስጠት ሥልጣን የእርሳቸው ብቻ ነው የሚለው ልማድ ተነክቷልና አወገዙ፤ ደጃዝማች ውቤም ፊታቸውን አዞሩ። ካቶሊኮች ከየቤታቸው ተባረሩ፤ ንብረታቸው ተወሰደ። መሸሸጊያ የሆኗቸው የኢሮብ ሰዎች ናቸው። በዓሊቴና ተራሮች መካከል የሚኖር ያ ሕዝብ ከደጋው የሸሹትን ካህናትና ተማሪዎች ተቀብሎ አስጠጋ። አቡነ ያዕቆብ ራሳቸው በጥር 1849 በምጽዋ በአቡነ ማስያስ እጅ ጵጵስና የተቀበሉት በስደት ነበር። እርሳቸውም በ1851 አባ ገብረ ሚካኤልን ካህን አድርገው ሾሟቸው። ያን ጊዜ የአዲሱ ካህን ዕድሜ ስድሳ ዓመት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን አጭር ነው።

የቋራው ካሣ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል እየነሣ ጎንደርን ሲይዝ አቡነ ሰላማ የሚያስፈልጉት ሰው ሆኑ፤ ያለ ጳጳስ ቅባት ንግሥ የለምና። አቡነ ሰላማም ካሣ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያለ ሰይፍ ሥልጣናቸው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልፎ አልሄደም ነበርና። በ1854 ሁለቱ ተስማሙ። የካቶሊክ መምህራን ይባረሩ፤ በአገሪቱም ውስጥ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ትምህርት ብቻ ይኑር ተባለ። በዚያው ዓመት በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ የካራ ትምህርት የሁሉ ትምህርት እንዲሆን ታወጀ። አዋጁ ካቶሊኮችን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ የጸጋና የቅባት ሊቃውንትም ወይ እንዲገቡ ወይ እንዲቀጡ ተደረገ። ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከሩ ጉባኤያት በአንድ ቀን አዋጅ ዝም አሉ።

የአባ ገብረ ሚካኤል እስር የጀመረው በሐምሌ 1854 በጎንደር ነው። አቡነ ያዕቆብና ሌሎች ጥቂት ወንድሞችም አብረዋቸው ተያዙ። የውጭ አገር ሰው መግደል ለካሣ የሚያመች ስላልነበረ አቡነ ያዕቆብ ከጥቂት ወራት እስር በኋላ በወታደር ታጅበው ወደ ሱዳን ድንበር ተሰደዱ፤ ከዚያም በብዙ ድካም ወደ ምጽዋ ተመለሱ። የአገሬውን ሰው የሚያስጥል ግን አልነበረም። አባ ገብረ ሚካኤል እግራቸው በግንድ ውስጥ ገብቶ ታሰሩ። ግንድ የሚባለው እንጨቱን በስተው የእሥረኛውን እግር የሚያስገቡበት ከባድ እግር ብረት ነው፤ ቀንም ሌሊትም አያስነሣም። ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ጳጳሱ ፊት እያወጡ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ይጠይቋቸው ነበር። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ተገርፈውም ተርበውም አልተለወጠም።

እዚህ ላይ የካቶሊክ ጸሓፊ ብዕሩን አቁሞ ሊያስበው የሚገባ ነገር አለ። ጎንደር ካቶሊክን የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ሲቀበሉ፣ ፓትርያርክ ሜንዴዝም በ1626 ከንጉሡ ለሮም የመታዘዝ መሐላ ሲቀበል፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ ጾሙና በዓሉም እንዲለወጥ ተገዶ ነበር። ሰው አለቀ። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት የወደቁት ሺዎች የዚሁ አገር ገበሬዎች ነበሩ፤ ሱስንዮስም ሬሳውን ካዩ በኋላ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። በአባ ገብረ ሚካኤል ዘመን የነበረ ደብተራ ሁሉ ይህን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል። መነኩሴው ለራሳቸው የጠየቁት ነጻነት ሜንዴዝ ለደብረ ሊባኖስና ለጎጃም መነኮሳት የከለከለው ያው ነጻነት ነው። ይህን ሳንናገር የእርሳቸውን መከራ ብቻ ብንናገር እውነቱ ጎዶሎ ይሆንብናል።

የካሣም አሳብ ቢሆን ክፉ ብቻ አልነበረም። የተበታተነች አገር አንድ ትሁን የሚል ሕልም ነበራቸው፤ አንድ መንግሥት አንድ ሃይማኖት ካልያዘ አይጸናም ብለው አመኑ። በአውሮፓም ብዙ ነገሥታት እንዲሁ አምነው ነበር። በየካቲት 1855 ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ነሥተው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ብለው በሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ጳጳሱን ከካይሮ ያስመጡት ውቤ እሥረኛ ሲሆኑ ጳጳሱ የድል አድራጊውን ራስ ቀቡ።

ዐፄ ቴዎድሮስ እሥረኛውን መነኩሴ በጎንደር አልተዉአቸውም፤ ከሠራዊቱ ጋር ይዘዋቸው ተንቀሳቀሱ። ስድሳ አራት ዓመት የሆናቸው አዛውንት በሰንሰለት ታስረው ከሰፈር ወደ ሰፈር በእግራቸው ይጓዙ ነበር። በንጉሡ ፊት ቆመው በቃላቸው ስለ ጸኑ ፀጕሩ እንደ ሽቦ በሚቈርጥ የቀጭኔ ጅራት ተገረፉ፤ ገራፊዎቹም የቀረችውን አንዲት ዓይን እንዲያጠፉ ታዘው ነበር ይባላል። ዓይናቸው ግን ማየቷን አላቋረጠችም። ከዚያ ወዲህ ወታደሮቹ ቅዱስ ጊዮርጊስ እያሉ ይጠሯቸው ጀመር፤ ሰማዕቱ ደጋግሞ ሞቶ ተነሣ የሚለውን ገድል አስታውሰው ነው። የገድሉን ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሕዝብ ስም ሲያወጣ አይሳሳትም።

በግንቦት 31 ቀን 1855 የመጨረሻው ፍርድ ተሰጠ። በችሎቱ የእንግሊዝ ኮንሱል ዋልተር ፕላውደን ተገኝቶ ነበር። መነኩሴው እንደ ቀድሞው መለሱ፤ የሞት ፍርድም ተፈረደባቸው። ኮንሱሉና ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ ማለዱ፤ ንጉሡም ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት። ፕላውደን ካቶሊክ አልነበረም። ካቶሊኮች በገዛ አገሩ ፓርላማ እንዲገቡ የተፈቀደላቸውም ገና በ1829 ነው።

ይህ ነገር ከዚያ በፊት በዚያው በእንግሊዝ አገር የሆነ ሌላ ችሎት ያስታውሰናል። በ1670 ኩዌከር የሚባለው የወዳጆች ማኅበር አባል ዊልያም ፔን፣ የጸሎት ቤታቸው ስለ ተዘጋ በለንደን መንገድ ላይ በመስበኩ ለፍርድ ቀረበ። ከሕዝብ የተመረጡት ዳኞች ጥፋተኛ ነው ለማለት እምቢ አሉ፤ ያለ ምግብና ያለ ውኃ ቢዘጋባቸውም፣ ገንዘብ ቢቀጡና ቢታሰሩም ቃላቸውን አልለወጡም። ፔን በ1681 በአሜሪካ የራሱን ግዛት ባገኘ ጊዜ ለኩዌከሮች ብቻ አላጠራትም፤ በእግዚአብሔር የሚያምን ሁሉ በኅሊናው እንዲኖርባት ሕግ አወጣ። ከጀርመን በሃይማኖት ምክንያት የተሰደዱ ገበሬዎች መጥተው ሰፈሩባት። ካቶሊኮችም በ1733 በፊላደልፊያ የቅዱስ ዮሴፍን ቤተ ክርስቲያን ከፈቱ፤ በእንግሊዝ ሕግ ቅዳሴ በተከለከለበት ዘመን በግልጽ የሚቀደስባት ስፍራ ሆነች። የግዛቲቱ ሹማምንት በ1734 ነገሩን ቢያነሡም ፔን በ1701 የሰጠው የነጻነት ሰነድ ጋረዳቸው። ኩዌከሮች ካቶሊኮችን ስለ ወደዱ አልነበረም፤ በትምህርት ከሁሉ ይልቅ ከሮም የራቁ እነርሱ ናቸው። መታሰር ምን እንደ ሆነ ያውቁ ስለ ነበር ነው። በጎንደርና በቴዎድሮስ ሰፈር እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም፤ የነበረው ምልጃ ነው። ምልጃ ደግሞ የንጉሡን ፊት አይቶ የሚቆም ነገር ነው።

አባ ገብረ ሚካኤል ከፍርዱ በኋላ ብዙ አልኖሩም። በዚያው ክረምት ሠራዊቱ ወደ ወሎ ፊቱን ሲያዞር እርሳቸውም በሰንሰለታቸው ተከተሉ። ዝናብ፣ ጭቃና በሽታ ሠራዊቱን እየጨረሰው ነበር። የሚሰጧቸውን ጥቂት ምግብ ለሌሎች እሥረኞች ያካፍሉ እንደ ነበር ይነገራል። ጠባቂዎቻቸውም ቀስ በቀስ ወደዷቸው። ኃይላቸው ባለቀ ጊዜ ጨረቻ ገባባ በሚባል ስፍራ በመንገድ ዳር አረፉ፤ በሰንሰለት ከአሥራ ሁለት ወር በላይ ቆይተው ነበር። ወታደሮቹ አለቀሱ። ሰንሰለቱን ከእግራቸው ፈትተው ቀበሯቸው፤ ሰፈሩም ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም የመቅደላን አምባ ያዙ።

መቅደላ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። አቡነ ሰላማና ንጉሡ በፍቅር አልቈዩም። የቤተ ክርስቲያን መሬት ጉዳይና የንጉሡ ቍጣ ለያያቸው፤ ጳጳሱ በመቅደላ ታሰሩ፤ በጥቅምት 1867 እዚያው በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። የካይሮው ወጣት አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በወሎ አምባ ላይ በእስራት ሞተ። በሚያዝያ 1868 ንጉሡም በዚያው አምባ በገዛ ሽጕጣቸው ሞቱ። ይህን የምንጽፈው የእግዚአብሔርን ፍርድ ለመናገር አይደለም፤ ማንም እንዲህ ያለውን ፍርድ እንዲናገር አልተሾመም። አሳዳጅና ተሳዳጅ በአንድ ዓይነት ሰንሰለት መጨረሳቸው ግን የወሎ ምድር የምታውቀው ነገር ነው።

ወሎ ሌላም ታውቃለች። ከአምባ ጫራ ጉባኤ ሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የጸጋ ትምህርት በዚያ ተወገዘ፤ ከውሳኔው ውጭ ላሉ ክርስቲያኖች ሁለት ዓመት፣ ለሙስሊሞች ሦስት ዓመት ቀን ተቆርጦ ከዚያ በኋላ ሁሉም እንዲገባ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ብዙ ገበሬ ግን ኅሊናውን በአዋጅ ሊለውጥ አልቻለም። ከፊሉ ሸሸ፤ ከፊሉ በሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈርና በሌሎች እየተመራ ተዋጋ፤ ከፊሉ ቀን እየተጠመቀ ሌሊት በአባቱ ሥርዓት ጸለየ። በ1879 ደግሞ በሸዋ ለአሥር ዓመት የኖሩት አቡነ ማስያስ በዚያው ንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ከአገር ተባረሩ። የወሎው ሙስሊምና የሸዋው ካቶሊክ ጳጳስ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አሳብ ተሰደዱ። በዛሬው ወሎ በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች መኖሩን የሚያደንቅ እንግዳ ብዙ ነው፤ ይህ ወግ ከስንት እንባ በኋላ እንደ ተገኘ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ የመጨረሻ ቃሏን የተናገረችው ዘግይታ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በታኅሣሥ 7 ቀን 1965 ባወጣው የሃይማኖት ነጻነት ሰነድ ማንም ሰው በእምነት ነገር እንዳይገደድ፣ ይህም መብት ከሰውነቱ ክብር የሚመነጭ እንጂ ከመንግሥት ችሮታ የሚሰጥ እንዳልሆነ አስተማረች። በ1973 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ ስለ ክርስቶስ ያላቸውን እምነት በአንድነት ፈረሙ። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ለአሥራ አምስት መቶ ዓመት የተለያዩበት ነገር ከእምነቱ ይልቅ በቃላቱ ላይ የበረታ እንደ ነበረ ታየ። አባ ገብረ ሚካኤል ከካይሮ እስከ ሮም የተጓዙለት ጥያቄ ይኸው ነበር። በኢትዮጵያም በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ደንግጓል።

አቡነ ያዕቆብ በሐምሌ 31 ቀን 1860 ወደ ደጋ ሲወጡ በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ በሄቦም ተቀበሩ። በ1975 ቅዱስ ተብለዋል፤ መቃብራቸውም የምእመናን መሳለሚያ ሆኗል። ደቀ መዝሙራቸውን ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት 3 ቀን 1926 ብፁዕ ብለው ሲሰይሟቸው፣ እንደ ሌሎቹ ብፁዓን አጽማቸውን አውጥቶ በክብር ማሳረፍ አልተቻለም። ወታደሮቹ በዚያ ክረምት ጭቃ ውስጥ ሰንሰለቱን ፈትተው የቀበሩበት ስፍራ አይታወቅም።